የሌሊት ውሃ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ኖርኩ፣
በጅማ ጭቃ ውስጥ ቧንቧ እየቀበርኩ።
ከቦዬ እስከ ጅሬን፣ ከአጂፕ እስከ መርካቶ፣
የትኛው መስመር ነው የቆመ፣ ዝገት በልቶት፣ ውስጡ ሞልቶ፣
በጆሮዬ አውቃለሁ፤ ብረት ላይ ተደፍቼ
«እዚህ ጋ ነው» እላለሁ፣ መፍቻዬን አንስቼ።

ስለዚህ ሐኪሙ «ስኳር ደም ሥርህን
ያጠብበዋል» ቢለኝ፣ አልፈራሁም ቃሉን።
«ታዲያ መቀየር ነው» አልኩት፣ «አሮጌውን ነቅሎ፣
ግማሽ ኢንች ቧንቧ ነው፣ ይገጠማል ቶሎ።»

«ጫማህን አውልቅ» አለኝ ዶክተር ብዙአየሁ፤
በናይለን ክር ጫፍ አውራ ጣቴን ሲነካ አየሁ።
አየሁ እንጂ።
ብቻ አየሁ።

ከዚያ ጥናት መጣ። ስም ሰጠን፣ ፈረምን፤
በዕጣ ለሁለት፣ ሳናውቅ ተከፈልን።
ለግማሹ የዓሣ፣ ለግማሹ የበቆሎ ዘይት፣
ቢጫ እንክብሎች፣ እንደ መንታ የማይለዩት።
ሲስተር መሪየማ ቁጥር ብቻ ነው ያላት፤
«እኔም እንዳንተ ነኝ» ትላለች ሲጠይቋት።

ዳርምየለሽ ግን፣ ጎመን ነጋዴዋ፣
ወረፋ ስንጠብቅ አገሳች፤ አቤት ሽታዋ!
የግልገል ጊቤ ግድብ ከነቆሮሶው መጣ፣
ከነመረቡ፣ ከነጀልባው፣ ከአፏ ወጣ።
ሳቅን። እኔ ግን በሆዴ አዘንኩ፤
ማታ እንክብሌን ውጬ ግሳቴን ጠበቅኩ።
ምንም አልሸተተኝ። «ወይ የኔ ዕጣ!
ለሷ ዓሣ ደረሳት፣ ለኔ የበቆሎ ቂጣ!»

አንድ ቀን አሰንዳቦ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ
በሣር የተሰካ ዓሣ ጨበጥኩ በእጄ።
«አመጋገብ አትቀይር» ብላ ነበር ሲስተር።
ቆጣሪ ገልብጦ ውሃ የሰረቀ ስንቱን በቀጣሁበት አገር
አሁን በስተርጅና የራሴን ቆጣሪ ላታልል?
መለስኩለት ለልጁ፣ «ጋሼ፣ ትኩስ እኮ ነው!» ሲል።

በሦስተኛው ወር ክንዴን ጠፍረው
ያዙኝ አምስት ደቂቃ፣ ደሜን አጥረው።
እጄ ገረጣ፣ ቀዘቀዘ፣ የኔ አልመስል አለኝ፤
ያን ጊዜ ነው ውሃ የጠፋበት ሳምንት ትዝ ያለኝ፦
ጀሪካን የደረደሩ ሴቶች በደረቁ ቧንቧ ዙሪያ፣
እኔ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከላይ እርግማን ያለ ማባሪያ።

ከዚያ ፈቱት።
ሐኪሙ ማያውን ወደ እኔ አዞረልኝ፤
በግራጫ መሬት ላይ ጥቁር ቦይ፤ «ያንተ ነው» አለኝ።
«እየው፣ ደሙ ሲመለስ ግድግዳው ይሰማል፤
ጤነኛ ከሆነ ይሰፋል፣ ቦታ ይለቃል።
ቧንቧ ይህን አያደርግም።»

ዝም አልኩ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ግፊት ሲመጣበት
የፈነዳ ብረት አይቻለሁ፣ ያፈሰሰ አይቻለሁ፤
ለመጣው ውሃ ብሎ ጎኑን ያሰፋ ግን
አንድም አላየሁም።

«የኔስ ሰፋ ወይ?» አልኩ። «ጥቂት» አለ፣ «ገና ነው፤
ከዘይቱ ይሁን፣ ከእግር ጉዞህ፣ ከኪኒንህ፣ ማን አወቀው?
መዝገቡ ይከፈት።»

በር ላይ ዳርምየለሽ «የኔ ንቅንቅ አላለም» አለች፤
ጎመኗ እንዳይጠወልግባት እየሮጠች ሄደች።
ያ ሁሉ ዓሣ! ልስቅ ብዬ ተውኩት።

አሁን ማታ ማታ እግሬን በመስታወት አያለሁ፣
ያልተሰማኝ ቁስል እንዳለ በዓይኔ እፈልጋለሁ።
ከዚያ ሁለት ጣቴን ከቁርጭምጭሚቴ ኋላ አሳርፌ
አዳምጣለሁ፣ እንደ ድሮው፣ ትንፋሼን ቆጥቤ።
ሩቅ ነው። ቀጭን ነው። አንዳንዴ የጠፋ ይመስላል።
ከዚያ ይመጣል፣
ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛ እንደሚመጣው ውሃ፣
መጀመሪያ አየር፣
ቀጥሎ ጠብታ።